ዝግ ያሉ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አዳማ ላይ፦ የፊልም ጥቅሉን እንጠብቅ ወይስ በዲጂታል እንጀምር?

የሰኞ ምሽት (አዳማ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ ማታ አዳማ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ፊልም እናሳያለን። ያለን ሀብት ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ሰኞን የመረጥነው አጠገባችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት በሌሎቹ ምሽቶች በኳስ ተመልካች ስለሚሞላ ነው። ጎል ሲገባ የእኛም ግድግዳ አብሮ ይጮኻል፤ ለምናሳያቸው ፊልሞች ደግሞ ጩኸት ሞት ነው።

ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ያሰብነው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ግን ዝግ ያለውን ዓይነት። መርከብ ከመርከብ የማይታኮስበት፣ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ቆሞ ረጅም ጊዜ የሚያይበት፣ ሌላው ዓለም በፍንዳታ ሳይሆን በዝምታ የሚመጣበት። አራት መርጠናል፦ የክሪስ ማርከር «ላ ዤቴ» (1962 እ.ኤ.አ.)፣ የአንድሬይ ታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» (1972) እና «ስታልከር» (1979)፣ እንዲሁም እዚሁ አገራችን በአማርኛ የተሠራው «ክራምብስ» (2015)።

ክርክር የተነሳው አንዱ ጓደኛችን «ለሴሉሎይድ (በጥቅል ለሚመጣው፣ በማሽን ለሚዞረው የፊልም ሪባን) የተሠራን ፊልም ከኮምፒውተር ማሳየት የሥዕልን ፎቶ ኮፒ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው፤ ወይ ጥቅሉን እናምጣ ወይ እንተወው» ሲል ነው። ንግግሩ ከነከነኝና ለአንድ የውጭ አገር የፊልም ቤተ መዛግብት ጻፍን። መልሳቸው ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ የጠየቁት ግን ከአቅማችን በላይ ነው፦ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፕሮጀክተሮች፣ ልምድ ያለው ኦፕሬተር፣ የመድን ዋስትና፣ የደርሶ መልስ የጭነት ክፍያ። ቅጂው አንድ ጊዜ ከተቧጨረ የሚተካ ስለሌለ አልፈርድባቸውም።

የእኔ አቋም ጥቅል እየጠበቅን አዳራሹን ዘግተን መቀመጥ የለብንም የሚል ነው። ግን የጓደኛዬን ነገር ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም። ጥቅልን በእጁ የነካ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩን፤ የሚጎድለን ምንድን ነው?

አሮጌው ኦፕሬተር (አዳማ)

ልጄ፣ ሰላም ለአንቺም ለጓደኞችሽም። የምጽፈው በልጅ ልጄ እጅ ነው። ሲኒማ ቤት የማሽን ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምነግርሽ ያነበብኩትን ሳይሆን የተሸከምኩትን ነው።

መጀመሪያ መለኪያውን እወቁት። ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንዱ ምስል ከነክፍተቱ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ሴኮንድ ፊልም 45 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ይኸውም አንድ ክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። እኛ የማሽን ክፍል ሰዎች ሜትር አያስፈልገንም ነበር። የተቀደደውን ቆርጠን ስንቀጥል ስንት ሴኮንድ እንደጠፋ በክንዳችን እናውቀዋለን። «ሶላሪስ» ስንት ደቂቃ ነው? የልጅ ልጄ 167 ነው ይለኛል። እንግዲህ አሥር ሺህ ክንድ ነው ማለት ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቆርቆሮ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው። ሁለቱ ማሽኖች ተራ በተራ ይሠራሉ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ የቀኝ ራስጌ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ያኔ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ታስነሻለሽ። ሰባት ሴኮንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ብልጭ ስትል ትቀይሪያለሽ። ተመልካቹ ምንም ካላወቀ ሥራሽ አማረ።

ስለ ጨለማው ደግሞ ልንገርሽ። ምስል በምስል ሲተካ በማሽኑ ውስጥ የሚዞረው መዝጊያ ብርሃኑን ይከልለዋል። ሲደማመር ተመልካቹ ከፊልሙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን የሚቀመጠው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ግን አያውቀውም። ዝግ ያለ ፊልም በጥቅል ሲታይ የሚተነፍስ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ጥቅል አይሞትም የሚልሽን አትመኚ። አንድ ጊዜ አንድ የጠፈር ፊልም ተልኮልን ነበር። ቅጂው አርጅቶ ሌላው ቀለም ሁሉ ጠፍቶ ቀይ ብቻ ቀርቶታል። ሰማዩ ቀይ፣ ባሕሩ ቀይ፣ የሰዎቹ ፊት ቀይ። ሕዝቡ የዚያ ፕላኔት ቀለም ነው ብሎ ተቀበለው። ሲወጡ ሁለት ወጣቶች ስለዚያ ቀይ ሰማይ ውበት እያወሩ አጠገቤ አለፉ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለ ሃርድ ዲስክ

አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ። ክንዱን ከዛሬ ጀምሬ አልረሳውም።

የቀዩን ነገር ላስረዳ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከተባዙት ባለ ቀለም ቅጂዎች አብዛኞቹ የታተሙበት ቀለም የጸና አልነበረም። ምስሉን ከሚሠሩት ሦስት ቀለሞች ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ከዚያ ቢጫው ይከተላል፤ የሚቀረው ቀይ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ክላሲክ የምንላቸው ፊልሞች ብዙዎቹ የወጡት በዚያው ዘመን መሆኑ ያሳዝናል።

ቅጂዎቹ ለምን ብርቅ እንደሆኑ ግን እርጅና ብቻውን አይመልሰውም። አከፋፋዮች የፊልም ማሳያ ጊዜ ሲያልቅ ቅጂዎችን ሰብስበው ያስወግዱ ነበር፤ መጋዘን ገንዘብ ይፈጃልና። ትልልቅ ፊልሞች በሺህ ስለሚባዙ ከጥፋቱ የሚተርፍ ይኖራል። ዝግ ያለው ፊልም ግን ሲጀመርም የተባዛው በጥቂቱ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ ሲኒማ ቤቶች በብዛት ወደ ዲጂታል ዞሩ፤ ፉጂፊልም በ2013 የሲኒማ ፊልም ማምረት አቆመ፤ ፓራማውንት በ2014 መጀመሪያ ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ፊልሞቹን በዲጂታል ብቻ ማከፋፈል ጀመረ። ኮዳክ አሁንም ያመርታል፤ ለአንድ ምሽት ብሎ የሃምሳ ዓመት ፊልም አዲስ ቅጂ የሚያሳትም ግን ከስንት አንድ ነው።

ዲጂታሉንም አታምልኩት። ለሲኒማ ቤት የሚላከው ዲጂታል ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ለተወሰነ ማሽን፣ ለተወሰኑ ቀናት በተሰጠ ቁልፍ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ዲስኩ እጅሽ ላይ እያለ ፊልሙ የለሽም። ዲስኩ ራሱም በየጥቂት ዓመቱ ካልተገለበጠ ያልቅለታል። በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥሩ የፖሊስተር ጥቅል ከእኔ ሁሉ ዲስኮች በላይ ዕድሜ አለው።

የነፋስ ሰፈር (አዳማ)

ስለ ጥቅሉ ስታወሩ ተመልካቹን ረሳችሁት። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ሰው ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲቃጠል ውሎ፣ ከባጃጅ ጋር ሲታገል አምሽቶ፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የሩሲያ ፊልም ለማየት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል? እኔ ራሴ «ስታልከር»ን ቤቴ ሞክሬ አርባኛው ደቂቃ ላይ ተኛሁ። ይህን የምለው ላፈርስባችሁ አይደለም። ባዶ አዳራሽ አንድ ወር ቢደጋገም ማሳየቱን እንደምታቆሙ ስለማውቅ ነው፤ ብታቆሙ ደግሞ ከተማችን ይጎዳል።

የሰኞ ምሽት (አዳማ)

ወንድሜ፣ ስጋትህ የእኔም ነው። ግን ቤት መተኛትና አዳራሽ መቀመጥ አንድ አይደለም። ቤትህ ስልክ አለ፣ ሰው ይጠራሃል፣ አልጋው አጠገብህ ነው። ከሰማንያ ሰው ጋር በጨለማ ስትቀመጥ የሌላው ሰው ትዕግሥት አንተንም ይይዝሃል።

ደግሞ አዳማ ለዚህ ዓይነት ፊልም እንግዳ አይደለችም። ከከተማው ወጣ ብለህ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ፀሐይ ስትጠልቅ አይተሃቸው ታውቃለህ? በመቶ የሚቆጠሩ ነጭ ግዙፍ ክንፎች ከጤፍ ማሳ በላይ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ከሥራቸው አንድ ሰው ከብቶቹን እየነዳ ያልፋል። ታርኮቭስኪ ለ«ሶላሪስ» የወደፊቱን ከተማ የሠራው ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ቶኪዮ ሄዶ የመኪና መንገድ ቀርጾ ነው፤ አምስት ደቂቃ ያህል መኪና በዋሻና በድልድይ ሲያልፍ ብቻ እናያለን። ያለውን ነገር ረጅም ጊዜ ሲያዩት እንግዳ ይሆናል። ይህን ከአዳማ ሰው በላይ ማን ይረዳዋል?

ጥቁርና ነጭ

ከተግባሩ ልጀምር፤ የጥራት ክርክሩ እዚህ ነው ያለው።

የፋይላችሁን ርዝመት እዩ። «ሶላሪስ» 160 ደቂቃ ከሆነ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ከተዘጋጀ ቅጂ የመጣ ነው። በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጸው በ25 ስለሚሄድ ፊልሙ አንዲት ምስል ሳይቆረጥበት ሰባት ደቂቃ ያጥራል፤ ድምፁም በትንሹ ይቀጥናል። ዝግታው ነፍሱ ለሆነ ፊልም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። 167 የሚሆነውን ፈልጉ።

የምስሉን ቅርጽም አትንኩ። «ሶላሪስ» ሰፊ ነው፤ «ስታልከር» ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ለመሙላት የሚለጥጥ ሰው አይቻለሁ፤ የሰዎቹ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተንጣሎ ሲታይ ልቤ ነው የደማው። ጥቁር ጨርቅ ግራና ቀኝ ስቀሉና ምስሉ በራሱ ልክ ይቀመጥ። ጨርቁ የምስሉን ጥቁርም ያጠልቀዋል፤ የፕሮጀክተር ትልቁ ድክመት ጥቁሩ ግራጫ መሆኑ ነውና።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ከሐዋሳ ሰላምታ። እኛ ባለፈው ዓመት ሐይቁ አጠገብ ሜዳ ላይ ሸራ ወጥረን ሞክረን ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ አሞራ ገደል በኩል አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ ሲሰፍሩ እያየን ጠበቅን፤ ደስ የሚል ምሽት ነበር። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ሲነፋ ምስሉ አብሮ ያብጥ ጀመር፤ ነፍሳት በብርሃኑ መንገድ ላይ ተሰበሰቡ። ይህንንስ ሰው ታገሠ። ያበላሸነው እኛው ነን፦ የግርጌ ትርጉሙን የፈተሽነው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ ነበር። ከመሐል በኋላ ጽሑፉ ከንግግሩ እየዘገየ ሄደ። ንግግር በሚበዛበት ፊልም ሰው ገምቶ ይከተላል፤ ዝም በሚልበት ፊልም ግን አንዷ ዓረፍተ ነገር ያለቦታዋ ስትመጣ ትርጉሙ ሁሉ ይዛባል። ግማሹ ሰው ሄደ።

ስለዚህ አዳራሹን አትልቀቁ፤ ፊልሙንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታዩ አታሳዩ። በ«ላ ዤቴ» ጀምሩ። 28 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከአንዲት አጭር ቅጽበት በቀር የተሠራው በቆሙ ፎቶዎች ነው። ሴትዮዋ ተኝታ ዓይኗን ስትገልጥ ብቻ ምስሉ ይንቀሳቀሳል። ያንን ያየ ሰው «ስታልከር»ን ለማየት ዓይኑ ይዘጋጃል።

መምህርቷ (ወንጂ)

በ«ላ ዤቴ» ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፊልሙ ውስጥ ታሪኩን የሚነግረን አንድ ተራኪ ነው፤ ተዋንያኑ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል። የግርጌ ጽሑፍ ከምትለጥፉበት አንድ ሰው ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ትረካውን በአማርኛ ቢያነብስ? ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ተቀምጦ ይተረጉምልን ነበር። ዛሬ ፊልሞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ድምፁን ግን አልረሳሁትም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የግርጌ ጽሑፍ ባለበት አዳራሽ ይዣት ብመጣ እንግዳ ሆና ነው የምትቀመጠው፤ ተረት እንደሚነገራት ከሆነ ግን ከሁላችንም በላይ ትሰማለች።

ትርጉሙን እኔ እሠራዋለሁ። ማንበብም እችላለሁ።

ባለ ሃርድ ዲስክ

እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው፤ ግን ለባለ መብቱ ስትጽፉ ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁ። የሩሲያው ፊልም ድርጅት ሞስፊልም ብዙ ፊልሞቹን በዩቲዩብ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል፤ የታርኮቭስኪዎቹንም ጭምር። ያ ቤት ለማየት ነው፤ አዳራሽ ሰብስቦ ማሳየት የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። መግቢያ የማታስከፍሉ ትንሽ የፊልም ማኅበር መሆናችሁን፣ የወንበሩን ቁጥርና ቀኑን ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ።

የሰኞ ምሽት (አዳማ)

የጻፋችሁልኝ ሁሉ ሐሳቤን ቀይሮታል። መጀመሪያ በአራት ምሽት አራት ፊልም ነበር ያሰብኩት። አሁን ወደ ሦስት ምሽት አጥፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሰኞ «ላ ዤቴ» እና «ክራምብስ» አንድ ላይ ይሁኑ። 28 እና 68 ደቂቃ፣ ተደምሮ ከ100 በታች። የሁለቱም ዋና ታሪክ የሚሆነው ዓለም ካለቀ በኋላ ነው። አንዱ ፓሪስ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሌላው በእኛው ምድር፣ ከዳሎል ጨው ጋር፣ በእኛው ቋንቋ። የአዳማ ሰው ከዚያ ዓለም ፍርስራሽ መካከል አማርኛ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማየት እፈልጋለሁ። መምህርት፣ ትረካው ያንቺ ነው፤ እናትሽን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ።

ሁለተኛው «ሶላሪስ»። ፊልሙ ሲሠራም በሁለት ክፍል የተከፈለ ስለሆነ ቡናውን እዚያው መሐል ላይ እናፈላለን፤ ዕረፍቱን እኛ አልፈጠርነውም። ሦስተኛው «ስታልከር»። ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር እናገራለሁ፦ መጀመሪያ የተቀረጸው የደጅ ትዕይንት ፊልሙ ሲታጠብ ተበላሽቶ እንደገና ተቀርጿል። የምናየው ከጠፋ ጥቅል በኋላ የመጣውን ነው።

ለጓደኛዬም መልስ አገኘሁ። ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት ምን ዓይነት ቅጂ እንደምናሳይ ለሕዝቡ እንነግራለን፤ ምን እንደሚጎድለውም ጭምር። አባቴ ለነዚያ ሁለት ወጣቶች ሳይነግሯቸው የቀሩትን ማለቴ ነው። አባቴ፣ መጥተው ክንዱን ቢያሳዩን ምን ያህል ደስ ባለኝ።

አሮጌው ኦፕሬተር (አዳማ)

እመጣለሁ። ቤቴ አልጋ ሥር አንድ ቆርቆሮ አለኝ፤ የማስታወቂያ ፊልም ነው ተብሎ የተጣለ። ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሰማንያ ክንድ ቆርጬ በየወንበሩ አንዳንድ ሴኮንድ አስቀምጣለሁ፤ ሰው በእጁ ይያዘው።

ጥቁርና ነጭ

አባቴ፣ እባክዎ መቀስ እንዳይነካው! ምን እንደሆነ ሳይታይ አይቆረጥም። የአገራችን የሴሉሎይድ ፊልም በጣት የሚቆጠር ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በ35 ሚሊ ሜትር ተሠራ፤ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ተቀርጾ፣ ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ባይታደስ ኖሮ ዛሬ በምን መልክ እናየው ነበር? አልጋ ሥር ያለ ቆርቆሮ ባዶ ነው ብሎ የሚምል ማን ነው?

ባለ ሃርድ ዲስክ

እኔም እጨምራለሁ። አቼቶ መሽተቱ አሲቴት የሚባለው የፊልም ፕላስቲክ መሆኑን ያሳያል፤ እንደ ድሮው ናይትሬት በእሳት የሚንቦገቦገው አይደለም። ግን መበስበስ ጀምሯል፤ ሽታው አጠገቡ ያለውንም ፊልም ይጎዳል። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ የአዳማ ሙቀት ደግሞ አይምርም። ቆርቆሮውን አጥብቀው አይዝጉት፤ ይተንፍስ። ከአልጋ ሥር አውጥተው ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚለው ቦታ ያስቀምጡት።

አሮጌው ኦፕሬተር (አዳማ)

ልጆቼ፣ ትናንት ማታ ከልጅ ልጄ ጋር በመስኮት ብርሃን፣ ከመሸ በኋላም በአምፖል ቀስ እያልን ገለጥነው። መጀመሪያው የሲጋራ ማስታወቂያ ነው፤ ቀልቷል። ወደ መጨረሻው ግን አንድ መቀጠያ አገኘሁ፤ የእጄን ሥራ አውቀዋለሁ። የጥቅል ጫፍ ሲቀደድብን የተጣለ ፊልም እየፈለግን መሪ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባ የጥቅል ጫፍ) እናደርገው ነበር፤ ምስሉን የሚያይ አልነበረም። ከመቀጠያው ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ ነው። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሰፊ መንገድ፣ ጋሪዎች፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ጃካራንዳ የሚመስል ዛፍ። ናዝሬት ናት ብዬ አልምልም፤ ጋሪዎቹ ግን የእኛ ናቸው። በክንድ ለካሁት፤ ሃምሳ ሦስት ክንድ ነው።

ስንት ክንድ እንዲህ ቆርጬ በማሽኑ ጥርስ አስበልቼ እንደሆነ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

ለሰኞ ምስል የሌለበት ጥቁር መሪ አለኝ፤ እሱን እቆርጣለሁ። ይህኛውን አልነካውም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካላችሁ ላኩልኝ።

የሰኞ ምሽት (አዳማ)

አባቴ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካሜራና ነጭ የመብራት ሰሌዳ ይዤ እመጣለሁ፤ እዚህ «ጥቁርና ነጭ» እያለ የሚጽፈው ወዳጃችንም በአውቶቡስ እየመጣ ነው። የጥጥ ጓንት እናመጣለን። እስክንደርስ ድረስ እንዳይጠቀልሉት፤ እንደተዘረጋ ይቆየን።